አርሴማ እጇን የምትነክርበት ውኃ

ጨንቻ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለዳግም ዘካሪያስ፤ ስዊድን አገር፣ ጎተንበርግ ከተማ።

ይህች ወረቀት ስትደርስህ ብርዱ ሳያጎብጥህ፣ ሐሳብም ሳያከሳህ በደህና ታግኝህ። የወጣህበትን መንገድ እግዚአብሔር መመለሻም ያድርግልህ። እኔ አክስትህ ሻሺቱ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። አባትህም አርባ ምንጭ ተቀምጦ ሙቀቱን ያማርራል። ጨንቻ ና ስለው ደግሞ ብርዱን ያማርራል። ጡረታ የወጣ ሰው ሥራው ይኸው ነው መሰለኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ልጄ አርሴማ ሥራ ያዘች። አሥረኛ ክፍልን ከጨረሰች ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር ጥጥ ስትፈትልና ስትነጫነጭ እንደነበረ ታውቃለህ። ገነነ የሚባል ነጋዴ እዚህ ወንዙ ዳር የክር ቤት ከፈተና ቀጠራት። ከውጭ በጀሪካን የሚመጣ አንድ ነገር አለ፤ የብር ውኃ ይሉታል። ክሩን እሱ ውስጥ ይነክሩታል፣ ያለቀልቁታል፣ ያሰጡታል፤ ከዚያ ለሸማኔዎቹ ይሰጣል። ጨርቁ ላብ አይሸትም፣ አይሻግትም፣ የሐኪም ቤት አንሶላ ይሆናል ብለው ወደ ውጭ ይልኩታል። አርሴማ ቀኑን ሙሉ እጇን እዚያ ውስጥ ነክራ ትውላለች። ስትገባ እጇን ይዤ አሸታለሁ፤ ምንም አይሸትም። ምንም አለመሽተቱ ነው ልቤን አላሳርፍ ያለው።

አባትህ አንተ የምትማረው ይህንኑ ነገር ነው አለኝ። ዶክተር ልትሆን ነው ሲሉኝ ጉልበቴን የማሳይህ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የሰው ሳይሆን የውኃ ነው አሉኝ። እሺ፣ የውኃም ይሁን። ጥያቄዬ አንድ ናት፤ አርሴማ ትቀጥል ወይስ ትተው? ስትስቅ ካየኋት ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር፤ አሁን ትስቃለች። እኔ ዝም ብዬ ተይ ብላት ትጠላኛለች። አንተ ካልክ ግን ትሰማለች።

ስልኩ ደመና በወረደ ቁጥር አብሮ ይጠፋል፤ ደግሞም የስልክ ወሬ ነገ የለም። ጻፍልኝ።

አክስትህ ሻሺቱ


ጎተንበርግ፣ ጥር 20 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለእትዬ ሻሺቱ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎን እግዚአብሔር ያበርታልዎ፤ ቤትዎን በሰላም ይጠብቅልዎ። ደብዳቤዎ የገና ሰሞን ደረሰኝ። መልሴ የዘገየው ረስቼዎት አይደለም። እዚህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ይጨልማል፤ ጨለማው ደግሞ ሰውን ሥራ ሳይሠራ ያደክመዋል።

ሥራዬን ላስረዳዎት። ብርን ከአቧራ እጅግ አድርገው ያደቅቁታል፤ በዓይን ቀርቶ በተራ ማጉያ መነጽር አይታይም። ናኖ ይባላል። እንዲህ የደቀቀ ነገር ዛሬ ካልሲ ላይ፣ ቀለም ውስጥ፣ የፀሐይ ቅባት ውስጥ አለ። ታጥቦም ሆነ አልቆ፣ መጨረሻው ውኃና አፈር ነው። ወንዝ ውስጥ ገብቶ እሱን ለይቶ መለካት ገና በጣም ከባድ ነው። ስለዚህ እኔ ሂሳብ እሠራለሁ፤ ስንት ይመረታል፣ ስንቱ ልብስ ላይ ይውላል፣ ከልብሱ ስንቱ ይታጠባል፣ የዛሬ ሃያ ዓመት ስንቱ የትኛው ሐይቅ ይገባል እያልኩ። ገና ያልተሠራውን ሁሉ እቆጥራለሁ። ሥራህ ምንድነው ብለው ሲጠይቁኝ ለመመለስ ይሰለቸኛል፤ ለእርስዎ ስል ነው የጻፍኩት።

እርስዎ በነገሩኝ መሠረት የእናንተንም አስገብቼ አሰላሁት። ከክር ቤቱ ወጥቶ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙም ወደ አባያ የሚደርሰው ትንሽ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። አብዛኛው ክሩ ላይ ተጣብቆ ከጨርቁ ጋር ወደ ውጭ ይሄዳል።

ስለ አርሴማ እጅ የጠየቁኝ የእኔ ክፍል ጥናት አይደለም። የሚያውቅ ሰው ጠይቄ እጽፍልዎታለሁ። ገነነ በወር ስንት ጀሪካን እንደሚጠቀም ቢጽፉልኝ ግን በጣም ይረዳኛል።

ልጅዎ ዳግም


ጨንቻ፣ ግንቦት 2 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለዳግም፣

ጤናህን እየለመንኩ ሰላም እልሃለሁ። ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ደርሶኝም አልቀረ፣ አገር ሰማው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወንዙ በታች ያሉ ሰዎች ከብቶቻችን የሚጠጡት ውኃ ላይ ምን እየለቀቃችሁ ነው ብለው መጡ። ውኃ ማበላሸት ጎሜ ነው፣ አባቶች የከለከሉት ነው፣ ጥፋቱ በልጅ ልጅ ይወጣል አሉ። ዱቡሻው ተጠራ። ፈረንጅ አገር ረስተኸው ከሆነ፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚቆርጡበት ያ ሜዳ ነው፤ ትንሽ ሆነህ ኳስ ስታንከባልልበት ተቆጥተውህ አልቅሰህ ነበር። ሴት እዚያ ብዙም አትናገርም። ግን ዳግም ስለዚሁ ነገር ጽፎላታል የሚል ወሬ ስለደረሳቸው አስጠሩኝ። ወረቀትህን ይዤ ቆሜ አነበብኩላቸው።

"ትንሽ ይሆናል" የምትለዋን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። "ብዬ እገምታለሁ" የምትለውንም አነበብኩ፤ እሷን ግን ማንም ድገሚያት አላለኝም። የዘካሪያስ ልጅ ቃሉን ሰጥቷል ተባለ። ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ ከታች የመጡትም ረክተው ሄዱ። ገነነ እጄን ስሞ፣ የዚህን ልጅ እናት አባት ይባርክልኝ አለ። አፌን ሞልቼ ወንድሜ ነው የወለደው አልኩት። አልዋሽህም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጀሪካኑ በወር ስድስት ነበር፤ አሁን አሥራ አምስት ሆኗል። አርሴማ ሌሎች ሴቶችን ታሠለጥናለች። እጇን የሚያውቅ ሰው አገኘህ ወይ? እሱን ሳትጽፍልኝ ነው የዘጋኸው።

አክስትህ


ጎተንበርግ፣ መስከረም 28 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ሻሺቱ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አሸጋገረዎት። ዓመቱ እርስዎ የሚያርፉበት እንዲሆን ምኞቴ ነው።

ደብዳቤዎን ሳነብ ደነገጥኩ። እትዬ፣ ያ ቃል አልነበረም። ግምት ነበር። የእኔ ሥራ በየዓመቱ ይለወጣል፤ አዲስ ቁጥር በመጣ ጊዜ ያለፈውን ሰርዤ እንደ አዲስ እጽፋለሁ። እዚህ ማንም በዚህ አይወቅሰኝም፤ እንዲያውም የሚጠበቅብኝ እሱ ነው። ዱቡሻ ላይ ይነበባል ብዬ አስቤ ቢሆን ኖሮ ሌላ ዓይነት አድርጌ እጽፈው ነበር፤ ወይም አልጽፈውም ነበር። እባክዎ ለሽማግሌዎቹ ይህን ይንገሩልኝ።

የእጁን ነገር ጠይቄ ነበር። እንዲህ በየቀኑ፣ ይህን ያህል ሰዓት፣ በባዶ እጅ የነከረ ሰው ላይ የተሠራ ጥናት አላገኘንም አሉኝ። እዚህ በባዶ እጅ የሚነክር የለም። ከዚህ በላይ የምልዎት የለኝም።

አሥራ አምስቱን ጀሪካን አስገብቻለሁ። ክሩን ስታለቀልቁ ውኃው መልኩን ይለውጥ እንደሆነ ቢያዩልኝ።

ዳግም


ጨንቻ፣ የካቲት 19 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለዳግም፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ዛሬ ቆሽቴ አርሮ ነው የምጽፍልህ፤ ስለዚህ ምርቃቱ አጠር ቢልብህ አትቀየመኝ።

ለሽማግሌዎቹ ንገሪልኝ ትላለህ። ምን ብዬ? ዱቡሻ ላይ የተቀመጠ ቃል እኮ እንደ አንተ ኮምፒዩተር በየዓመቱ አይሰረዝም። ወረቀቱን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ዋሱም እኔ ሆኛለሁ ማለት ነው። ከታች ያሉት ሰዎች ገበያ ሲያገኙኝ የወንድምሽ ልጅ ትንሽ ነው ያለው እውነት ትንሽ ነው አይደል ይሉኛል። አዎ እላቸዋለሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ እንቅልፍ ይነሣኛል። ዘንድሮ አንዲት ጊደር ብትሞት በእኔ ነው፤ አንድ ልጅ ሆዱን ቢያመው በእኔ ነው።

አርሴማ ስታለቀልቅ ውኃው ግራጫ ይሆናል አለችኝ፣ በተለይ የመጀመሪያው። ሁለተኛው ይጠራል። የአርሴማ ጥፍር ሥርም አመድማ መስሏል። በሳሙና ፈተግኩት፣ በሎሚም አሸሁት፤ አልለቅ አለ። እሷ ትስቅብኛለች፤ ብር ጥፍር አወጣሁ ትላለች። እኔን አላሳቀኝም።

ሁለት ጥያቄ ነው ያለኝ። ወንዙ ምን ሆነ? ልጄ ምን ትሁን? ቁርጡን ንገረኝ።

ሻሺቱ


ጎተንበርግ፣ ሰኔ 11 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ ሻሺቱ፣

ሰላምታዬ ከአንድ ዓመት በላይ ዘግይቶ ይድረስዎት። የት ገባ ብለው ማሰብዎን አውቃለሁ። አባቴም በስልክ፣ አክስትህን ምነው ዝም አልካት እያለ ሲወቅሰኝ ከርሟል። ዝም ያልኩት የምለው ስለጠፋኝ ነበር። በሥራዬ በኩልም ደክሞኛል። ሦስት ዓመት የሠራሁት ሂሳብ ዘንድሮ ፈርሶ እንደገና ተሠርቷል።

የፈረሰውም እርስዎ ስለ ግራጫው ውኃ ከጻፉልኝ በኋላ ነው። እዚህ ላቦራቶሪ ያሉ ሰዎችን ለምኜ ክር በእጅ ነከሩልኝ። ፋብሪካ ውስጥ ብሩ በሙቀት ነው ክሩ ላይ የሚያዘው፤ በእጅ የተነከረው ግን አይይዝም። አብዛኛው በመጀመሪያው ማለቅለቂያ ይወጣል። እኔ ወደ ውጭ ይሄዳል ያልኩት ብር ወደ ውጭ አልሄደም፤ እዚያው ወንዙ ገብቷል። አዲሱ ቁጥር ከድሮው አሥራ ሦስት እጥፍ ነው። ክር ቤቱ እንዲህ እያደገ ከሄደ የዛሬ አሥር ዓመት አባያ ዳር ያለው ጭቃ ውስጥ ይከማቻል። ጭቃው ውስጥ የሚኖሩትን ጥቃቅን ነፍሳት ዓሣው ይበላቸዋል፤ ዓሣውን ደግሞ ሰው ይበላዋል።

ጎጂ ነው ወይ ካሉኝ፣ በዚህ መጠን አላውቅም። ትንሽ ነው ማለት ግን ከእንግዲህ አልችልም። ያንን ቃል ይመልሱልኝ፣ እትዬ። ከታች ያሉት ሰዎች በእኔ ተማምነው እንዲጠጡ አልፈልግም።

ስለ አርሴማም መልሴ ያው ነው፤ አላውቅም።

ዳግም


ጨንቻ፣ ኅዳር 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለዳግም፣

ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ድካምህንም ከላይህ ያንሣልህ። የኔንም አብሮ ቢያነሣልኝ አልጠላም ነበር።

ቃልህን መለስኩልህ። ወረቀትህ ሲደርሰኝ አንድ ወር ሙሉ ሣጥን ውስጥ አስተኝቼው ከረምኩ። ኋላ ግን ከታች የመጣች አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ ገበያ ላይ አገኘችኝና ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ። አዎ ማለት አቃተኝ። በዚያው ሳምንት ዱቡሻውን የሚመራው ሀለቃ ዘንድ ሄድኩ።

ዱቡሻው ቅዳሜ ተቀመጠ። ያስገባው ሰው ራሱ ቆሞ ያውጣው ተባለ። ያስገባሁት እኔ ነኝ ብዬ፣ ይቅርታ የሚለምን ሰው እንደሚያደርገው ርጥብ ሣር ይዤ ቆምኩ።

"ልጁ ውኃው ተበላሽቷል አለ?" አለኝ ሀለቃው።

"አላለም" አልኩ።

"አልተበላሸም አለ?"

"እሱንም አላለም።"

"ታዲያ ምን አለ?"

"አላውቅም አለ።"

ከኋላ አንድ ሽማግሌ "እስከዚያ አገር ድረስ ሄዶ?" ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳይወዱ በግድ ነው፣ እኔም ሳቅሁ። ሀለቃው ግን አልሳቀም። የማናውቀውን ነገር ወደ ከብቶቻችን አፍ አንለቅም አለ። ገነነ የማለቅለቂያውን ውኃ ከወንዙ ራቅ ብሎ ጉድጓድ ቆፍሮ እንዲይዘው ወሰኑ። ከታች ያሉትም አልተቀየሙኝም፤ እንዲያውም አንዱ ለጉልበትሽ ብሎ ማር አመጣልኝ። በእሱ በኩል ልቤ አርፏል።

ግን እዚያ ላይ አላለቀም። ገነነ ጉድጓዱን አስቦ አስቦ አዋጭ አይደለም አለና ክር ቤቱን ነቅሎ ወደ ወላይታ ይዞት ሄደ። ሶዶ አጠገብ አንድ ትንሽ ወንዝ ዳር ተክሎታል። እዚያ ገና ማንም አልጠየቀውም። አርሴማን ኃላፊ አደርግሻለሁ ብሎ ይዟት ሄደ።

እንዳትሄድ ለመንኳት። አለቀስኩ፤ ተቆጣሁም። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? እማዬ፣ ዱቡሻ ላይ ቆመሽ ዳግም አላውቅም አለ ያልሽው አንቺ ነሽ፤ እሱ ካላወቀ እኔን ምን ያስቀረኛል አለችኝ። ያቺው አንዲት አላውቅም ሽማግሌዎቹን አስቆመቻቸው፤ ልጄን ደግሞ አስኬደቻት። ጠዋት ጨለማ ሳይለቅ ሻንጣዋን ይዛ አይሱዙ ላይ ወጣች።

ተቀይሜህ አይደለም፣ ዳግም። ደክሞኝ ነው። ሦስት ዓመት ስለ እጇ ስጠይቅህ ስለ ሐይቁ መለስክልኝ። ሐይቁም ሐይቃችን ነው፣ አውቃለሁ። አድራሻዋን ከዚህ በታች ጽፌልሃለሁ። ለእሷ ጻፍላት። ሂሳብ ግን አትጻፍላት፤ እንደ ወንድም ጻፍላት።

አክስትህ ሻሺቱ


ጎተንበርግ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለእህቴ ለአርሴማ፣

እንደምነሽ? አዲሱ አገር ተስማማሽ ወይ? ለብቻሽ ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ አፍሬያለሁ። እስከ ዛሬ ስለ አንቺ ከእናትሽ ጋር ስጻጻፍ ነው የኖርኩት።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ምን እንደሚያደርግሽ አላውቅም፤ ይህን ሰምተሻል። እኔ ብሆን ግን እጄን አልነክርም። ይህ ግምት አይደለም፣ በሚቀጥለው ዓመትም አልሰርዘውም። አብረውኝ የሚሠሩትን ሁሉ ጠይቄ አንድም እነክራለሁ ያለኝ የለም።

ሥራውን ተዪ አልልሽም፤ ለአንቺ ምን ማለት እንደሆነ እናትሽ ነግራኛለች። ገነነን ረጅም የላስቲክ ጓንት ጠይቂው፤ ለአንቺም ለሌሎቹም። ለእሱ ከባድ ወጪ አይደለም። እምቢ ካለሽ ተመለሺ። ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ፤ እናትሽም እኔም መልስሽን እየጠበቅን ነው።

ወንድምሽ ዳግም


ሶዶ፣ የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዳግም፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ደብዳቤህን ያመጣልኝ የፖስታ ቤቱ ሰው ስዊድን ባል አለሽ እንዴ ብሎ አሾፈብኝ። ወንድሜ ነው፣ የውኃ ዶክተር ነው አልኩት። የውኃም ዶክተር አለው እንዴ አለኝ።

እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ከጨንቻ ይሞቃል፤ ክሩ ቶሎ ይደርቃል። ክፍል ተከራይቻለሁ፤ መስኮት አለው። ሴቶቹ አለቃችን ይሉኛል፤ መጀመሪያ ይከብደኝ ነበር፣ አሁን ለመድኩት። እማዬ ናፍቃኛለች፤ አትንገራት እንጂ ማልቀስም አልቅሻለሁ።

የጓንቱን ነገር ለገነነ ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሳይውል ሳያድር ገዝቶ አመጣ። ግን አንድ ጥንድ ነው ያመጣው፤ እኛ ደግሞ አሥራ አንድ ነን። ሌላ ጨምር ስለው ሥራው ሲደረጅ አለኝ። በጓንቱ ሴቶቹ ሊጣሉ ደረሱ፤ ኋላ አንድ ሰው አንድ ሳምንት እያልን በተራ አደረግነው። አሁን ስመኝ ይዛዋለች፤ እርጉዝ ስለሆነች እሷ ትቅደም አልን። እኔ ኃላፊ ነኝና ራሴን ማስቀደም አሳፈረኝ፤ መጨረሻ ላይ ነኝ። ተራዬ ከፋሲካ በኋላ ይደርሳል።

ለእማዬ ጓንት አለን ብዬ ጽፌላታለሁ። ብትጠይቅህ አንተም እንደዚያው በላት።

እህትህ አርሴማ